ዕቁቤን አውጥቼ የእስክሪብቶ መሥሪያ ማሽን ልግዛ?

ሳምንቴ እንደተለመደው ደብዳቤ በማንበብ አለፈ። ከደረሱኝ መካከል ታዲያ አንዱ ከሌሎቹ ለየት አለብኝ። «ፍቅረኛዬ ከዳችኝ» አይልም። «አማቴ ኑሮ ነሳችኝ» አይልም። ጸሐፊው በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ የ27 ዓመት ወጣት ነው። ጭንቀቱን ራሱ ይንገራችሁ፦

«ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ ነው የምውለው። ማታ ቤት ስገባ እጄ ምንም ያልሠራ ይመስለኛል። ባለፈው ዓመት ስልኬ ላይ አንድ ሰውዬ ከእንጨት እስክሪብቶ ሲሠራ አየሁና ልቤ እዚያው ቀረ። አሁን በየማታው የማየው እሱኑ ነው። በሚቀጥለው ወር ዕቁብ ይወጣልኛል። ማሽኑን ልግዛበት ብል እጮኛዬ ‹የሠርጋችንን ገንዘብ በእስክሪብቶ ልትጨርሰው ነው? እስክሪብቶ ካማረህ ሱቅ ሄደህ አትገዛም!› ብላ አኮረፈችኝ። ይኸው ሁለት ሳምንታችን፣ አንነጋገርም። ምን ይመክሩኛል?»

አይ ወንድሜ! እውነቱን ልንገርህና ደብዳቤህን ሳነብ ሳቄ ነው የመጣው። በአንተ የሳቅሁ እንዳይመስልህ። እኔም የዚሁ «በሽታ» ታማሚ ስለሆንኩ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የሚፈልገኝ ሰው የሚያገኘኝ ካፌ በረንዳ ላይ ሳይሆን አንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ውስጥ፣ ሰጋቱራ በሰጋቱራ ሆኜ ነው። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ለአንተም፣ «እጄ ሥራ ፈታ» ለምትሉ ለሌሎቻችሁም ይሁን።

መጀመሪያ ኩርፊያው ይፈታ

ወንድሜ፣ እጮኛህ የተጣላችው ከእስክሪብቶው ጋር አይደለም። ለሠርግ ተብሎ የተጣለ ዕቁብ ያንተ ስም ይጻፍበት እንጂ የሁለታችሁ ነው። አንተ ያልከው «ማሽን ልግዛ» ነው። እሷ የሰማችው ግን «ሠርጉ ይቆይ» የሚለውን ነው። በእሷ ቦታ ብትሆን አንተም ታኮርፍ ነበር።

ደግነቱ ይህ ጠብ በማያጣላ ነገር የተነሳ ጠብ ነው። ለምን ብትሉ፣ እስክሪብቶ መሥራት ለመጀመር ማሽን መግዛት ጨርሶ አያስፈልግም። ዕቁቡም አይነካም። እንዴት ለሚለው ትንሽ ታገሱኝ።

«ሱቅ ሄደህ አትገዛም!» ለሚሉ

እጮኛህ ያለችው ነገር እውነት አለበት። እስክሪብቶ ርካሽ ነው። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ሀንጋሪያዊው ጋዜጠኛ ላዝሎ ቢሮ ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ የሚሽከረከርበትን ብዕር የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ በ1938 ነው። በ1945 ኒውዮርክ ውስጥ የዚህ ዓይነት ብዕር ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። በዚያ ዘመን 12 ዶላር ቀልድ አይደለም! በ1950 ፈረንሳይ ውስጥ የማርሴል ቢክ ኩባንያ ያቺን ሁላችንም የምናውቃትን፣ ውስጧ የሚታየውን ባለ ስድስት ጎን «ቢክ» አወጣና ነገሩ ተገለበጠ። እስክሪብቶ የሚጣል፣ የሚዋሱት፣ ተውሰውም የማይመልሱት ዕቃ ሆነ።

ስለዚህ ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ እስክሪብቶ የምትሠሩ ከሆነ ሒሳቡ አይመጣም። ታዲያ ለምን? እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ቢሮ የምንውል ሰዎች ሥራችን አያልቅም፤ አንዱ ፋይል ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። እስክሪብቶ ግን ያልቃል! ዕቃው ከተሟላ፣ እጅም ትንሽ ከለመደ፣ ከምሳ በኋላ ጀምራችሁ ሳይመሽ ኪሳችሁ ውስጥ ትሰኩታላችሁ። ሰኞ ጠዋት ትፈርሙበታላችሁ። ወንበር ልሥራ ያለ ሰው ወራት ይፈጅበታል፣ እንጨቱንም አይችለውም። እስክሪብቶ የሚፈልገው 13 ሳንቲ ሜትር የምታህል ቁራጭ ብቻ ነው።

ደግሞም ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ብዕራቸውን ከመቃ ራሳቸው ቀርጸው፣ ጫፉንም ራሳቸው ሰንጥቀው ነው የሚጽፉበት። አዲሱ ነገር ማሽኑ ብቻ ነው።

ማሽን አትግዙ! (ለጊዜው)

ማሽኑን ባለሙያዎቻችን «ቶርኖ» ይሉታል። እንጨቱን ሞተሩ ያሽከረክረዋል፤ እናንተ መሮውን የብረት ማሳረፊያው ላይ አስደግፋችሁ ስታስጠጉት እንጨቱ እየተላጠ ይከበባል። የአልጋና የጠረጴዛ ድቡልቡል እግር የሚወጣው በዚሁ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩ የቤት ዕቃ መሥሪያዎች ከተማችን ውስጥ አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ቶርኖው ሥራ የሚፈታበት ቤት ፈልጉ።

አነጋገሩንም ልንገራችሁ። ሥራ በበዛበት ሰዓት አትሂዱ። ቡና ሲጠጡ ጠብቃችሁ፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ሁለት ሰዓት ማሽኑን ቢያከራዩኝ? እርስዎም አጠገቤ ሆነው ቢያዩኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስቀው ይሆናል የሚመልሱላችሁ። ይሳቁ! እኔን ያስተማሩኝ አዛውንት መጀመሪያ ቀን የሰጡኝ መሮ ሳይሆን መጥረጊያ ነው። ወለሉን ጠርጌ ሲሠሩ እያየሁ ዋልኩ። በሁለተኛው ቅዳሜ መሮ መሳል ብቻ አስተማሩኝ። ማሽኑ ላይ የቆምኩት በሦስተኛው ነው። «መሮህን ሳትስል እንጨቱን አትውቀስ» ይሉኛል እስከ ዛሬ። ይቺን አባባል ጻፉልኝ፤ ከሥራው ግማሹ እሷ ናት።

ማሽን ልግዛ ብሎ የሚነሳ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። ውጭ አገር ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ደህና ትንሽ ቶርኖ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ነው የምትሸጠው። እሷም እንደ ሙሽራ ሚዜዎቿን አስከትላ ነው የምትመጣው፦ መሮዎች፣ መሳያ፣ መሰርሰሪያ፣ ሞርሳ… ሚዜዎቹ ከሙሽራዋ ሊበልጡ ይችላሉ። የእኔ ምክር እንዲህ ነው፤ በሰው ማሽን 10 እስክሪብቶ ሥሩ። ከአሥረኛው በኋላም ልባችሁ ካልተመለሰ ያኔ ስለመግዛት እናወራለን። ብዙ ሰው በሦስተኛው ላይ ይተዋል። መተዉም ነውር የለበትም፤ ዕቁቡን ካልበላ!

የውስጥ ዕቃውስ?

ለጀማሪ የምትመከረው «ስሊምላይን» የምትባለው ቀጭኗ እስክሪብቶ ናት። ዕቃዋ በአንድ ላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል፦ ሁለት የናስ ቱቦዎች፣ ጫፍ፣ ሲጠመዘዝ ቀለሙን የሚያወጣና የሚያስገባ ስልት፣ የመሐል ቀለበት፣ ኪስ ላይ መስቀያና ቀለሙ። ውጭ አገር ተራው ዓይነት ከጥቂት ዶላር አይበልጥም። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ በዚህ ጊዜ ሽቶውን ተዉትና ይህን አስመጡ። አሥሩ አንድ ካልሲ ውስጥ ይገባል።

አብሮ የሚያስፈልገው ደግሞ እንጨቱ የሚሰካበት ቀጭን ዘንግና የእስክሪብቶውን ውፍረት የሚወስኑ ትንንሽ የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ መካኒኮች «ቦኮላ» የሚሉት ዓይነት። ከማስመጣታችሁ በፊት የምትሠሩበት ቶርኖ ቀዳዳ ይለካ። የውጮቹ ትንንሽ ማሽኖች ባብዛኛው ሞርስ ቴፐር ቁጥር 1 ወይም ቁጥር 2 ናቸው። የእናንተው ከሁለቱም ካልሆነ የብረት ቶርኖ ያለው ባለሙያ ልክ አድርጎ ያወጣላችኋል።

«ዘመድ የለኝም» ለምትሉም መላ አለ። የቢክ ቀለሙን ከነጫፉ አውጡት፤ ውፍረቱን ለኩ፤ በዚያው ልክ እንጨቱን በስታችሁ ከውጭ አለስልሱት። ቀለሙ ሳይላላ ጠበቅ ብሎ መግባት ስላለበት ቀዳዳውን አስቀድማችሁ በውራጅ እንጨት ላይ ሞክሩት። አይጠመዘዝም፣ መስቀያ የለውም፤ ግን ይጽፋል።

እንጨቱ ከደጃፋችሁ አለ

እንጨት አትግዙ፤ ዛፍም አትቁረጡ። በአገራችን ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ በመመናመናቸው በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ እነዚህን አራቱን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። እኛ የምንፈልገው ቁርጥራጭ ነው። የቤት ዕቃ መሥሪያው ጥግ ለማገዶ የተከመረው፣ የተሰበረ የአያት ወንበር እግር፣ የድሮ በር ቁራጭ፣ ሁሉም ይሆናል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንዛ ያዙ፤ ለመሮ ይመቻል፣ አያስቸግርም። ጽድ ቀላ ያለና ሽታው ደስ የሚል ነው፤ ብቻ መሰንጠቅ ይወዳል። ወይራ ጠንካራ ነው። መሮ ይፈትናል፤ ሲያልቅ ግን የጠቆረው መስመሩ ዓይን ያስቀራል። ግራቪሊያ ነጠብጣብ የመሰለ መልክ አለው። ገጠር ቡና ያላቸው ዘመዶች ያሏችሁ ደግሞ ታድላችኋል! ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚጣለው ግንድ ደቃቅና ጠንካራ እንጨት ነው። ቡናውን ጠጥታችሁ በግንዱ መጻፍ ማለት ነው።

እርጥብ እንጨት ግን እንዳትነኩ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ውስጡ ያለው ናስ ግን አይኮማተርም። ስለዚህ እንጨቱ ይፈነዳል። አዲስ የተቆረጠ ከሆነ በቁራጭ በቁራጭ አድርጋችሁ፣ ሁለቱን ጫፍ ሻማ አቅልጣችሁ ቀቡና ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል።

የማታውቁትን ዛፍም አትሞክሩ። የቁልቋል ወተት ዓይን ያጠፋል። መረንዝ ድሮ ለፍላጻ መርዝ ይወጣበት የነበረ ዛፍ ነው። የእነዚህ ብናኝ እንዲገባባችሁ አትፍቀዱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው

1ኛ. እንጨቱን በአራት ማዕዘን፣ ጎንና ጎኑን 2 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱን 13 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። መሐሉን የሚያቋርጥ የእርሳስ ምልክት አድርጉና ከዚያ ለሁለት ክፈሉት። ምልክቱ በኋላ የእንጨቱ መስመር ከላይ እስከ ታች እንዲገጥም ይረዳችኋል። ሁለቱም ቁራጮች ከቱቦው ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይርዘሙ።

2ኛ. በ7 ሚሊ ሜትር ፑንታ መሐል ለመሐል ብሱ። አትቸኩሉ። ፑንታውን ቶሎ ቶሎ እያወጣችሁ ፍቅፋቂውን አራግፉ። የሚግል ፑንታ እንጨት ይሰነጥቃል።

3ኛ. የናስ ቱቦውን በብርጭቆ ወረቀት ጫር ጫር አድርጉት፤ ኮላው እንዲይዝ ነው። የቱቦውን ጫፍ በድንች ቁራጭ ላይ ጫን ብታደርጉት ድንቹ ይወትፈዋል፤ ኮላ ወደ ውስጥ አይገባም። ከዚያ ሱፐር ግሉ ወይም ኢፖክሲ ቀብታችሁ እያዞራችሁ ክተቱት። ሲደርቅ ድንቹን አውጡ።

4ኛ. የእንጨቱን ጫፍ ናሱ ብልጭ እስኪል ድረስ ቀጥ አድርጋችሁ አስተካክሉ። ናሱን ግን አትብሉት። ካጠረ እስክሪብቶው ሲገጣጠም ቀለሙ በልኩ አይወጣም።

5ኛ. ሁለቱንም በዘንጉ ላይ ከቀለበቶቹ ጋር ሰክታችሁ ማሽኑ ላይ እሰሩ። በጣም አታጥብቁት። የጠበቀ ዘንግ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ዘንግ ደግሞ ጠማማ እስክሪብቶ ይወልዳል። ከማስነሳታችሁ በፊት በእጃችሁ አንድ ዙር አዙሩት፤ ማሳረፊያውን እንዳይነካ።

6ኛ. በቀስታ ጀምሩ። ማዕዘኖቹ ከተላጡ በኋላ በደቂቃ ከ2,000 እስከ 3,000 ዙር ጥሩ ነው። የቤት ዕቃ ማሽን ከዚህ ቢዘገይም ችግር የለም፤ መሮው ብቻ ይሳል። ስስ ስስ አድርጋችሁ እየላጣችሁ ወደ ቀለበቶቹ ውፍረት ውረዱ። ትንሽ ሲቀር አቁሙ። የቀረውን ብርጭቆ ወረቀት ይጨርሰዋል።

7ኛ. ማሳረፊያውን አንሱና ከቁጥር 150 ጀምሩ። ከዚያ 220፣ 320፣ 400፣ 600። አንድም አትዝለሉ! ቁጥር በቀየራችሁ ቁጥር ማሽኑን አጥፍታችሁ በእንጨቱ ርዝመት እሹት። ዙሪያውን የሚታየው ጭረት የሚጠፋው በዚህ ነው።

8ኛ. ሰም ወይም ቫርኒሽ ቀቡ። ሰም ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን የእጅ ላብ ቶሎ ያነሳዋል።

9ኛ. ገጣጥሙ። የሞርሳውን ጥርስ በእንጨት ሸፍናችሁ ቀስ እያላችሁ ተጫኑት። የሚጠመዘዘውን ስልት ስታስገቡ በጥቂት በጥቂቱ ይሁን፤ በየመሐሉ ቀለሙን ከታችሁ ሞክሩ። ከገባ በኋላ መመለስ ጭንቅ ነው።

ጣታችሁን ቆጥራችሁ ግቡ፣ ቆጥራችሁ ውጡ

እስክሪብቶ ትንሽ ናት ብላችሁ ማሽኑን እንዳትንቁት። የዓይን መከላከያ መነጽር ሳታደርጉ አትቁሙ። ረጅም እጅጌ ይጠቅለል፤ ፀጉር ይታሰር፤ ነጠላና ሻርፕ ይውለቅ፤ ቀለበትም እንደዚያው። ማተብ ያሰራችሁ ሸሚዝ ውስጥ ክተቱት፣ ቁልፉንም ዝጉ። ሲሽከረከር ሰም የምትቀቡበት በጨርቅ ሳይሆን በሶፍት ይሁን። ጨርቅ ከተጠመጠመ ጣትን ይዞ ይሄዳል፤ ሶፍት ግን ይቀደዳል። ሱፐር ግሉ ጥጥ ላይ ሲፈስ ደግሞ በጣም ይግላል፣ ያቃጥላል።

አፍና አፍንጫም ይሸፈን። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ በ1995 የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል። በአንድ ቅዳሜ ምንም አትሆኑም፤ ግን ልማዱ ከመጀመሪያው ቀን ይሁን። መብራት እልም ሲልም መጀመሪያ የማሽኑን ማብሪያ አጥፉ። ሲመጣ እናንተን አስፈቅዶ አይመጣም።

ይሸጣል ወይ?

ይህን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቃል። ይሸጣል፤ ስጦታ ፈላጊ አይጠፋም። እኔ ግን መጀመሪያ ላይ አትሽጡ እላለሁ። የሸጣችሁ ቀን አለቃ ይመጣባችኋል፤ አለቃው ደንበኛ ነው። «ለዓርብ አድርስልኝ» ይላል። ከቢሮ ሸሽታችሁ ቢሮ ገባችሁ ማለት ነው። «ሠርቼበት ዕዳውን እከፍላለሁ» ብሎ ተበድሮ የጀመረ ሰው ደግሞ መሮ በያዘ ቁጥር የሚታየው እንጨቱ ሳይሆን ዕዳው ነው። የትርፍ ጊዜ ሥራ ጥቅሙ ለማንም የማትመልሱለት መሆኑ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ላንተ የምመክርህ ይህን ነው። ዛሬውኑ ደውልላትና «ዕቁቡ አይነካም» በላት። ሌላ ነገር አትጨምርበት። ዕቁቡ የወጣ ቀንም አብራችሁ ሂዱ፣ ቆጥረህ ለእሷ አስረክብ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ አንድ ቶርኖ ያለው ቤት ፈልግና መጥረጊያ አንሳ።

«የመጀመሪያዋን እስክሪብቶ ለእሷ ስጣት» የሚል ምክር የምትጠብቅ ከሆነ ግን አታገኝም። የመጀመሪያዋ ጠማማ ናት፤ ያንተው ናት፣ ኪስህ ውስጥ ትቀመጥ። ለእሷ አራተኛዋን ወይም አምስተኛዋን ስጣት። የጋብቻ ውል ፊርማ ላይ የምትወጣ እስክሪብቶ ማማር አለባት!

እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ።